መሪው ይክበድልን ለሚሉ ሰዎች

መኪና መንዳትን ቀላል ለማድረግ መሐንዲሶች ብዙ ዘመን ደክመዋል። ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የከባድ መኪና መሪ የሹፌሩን ክንድ እንዴት እንደሚያዝል ተመልክቶ፣ በዘይት ግፊት የሚረዳ መሪ ሠርቶ በ1926 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሥራ ላይ አሳየ። የክራይስለር ፋብሪካም ይህንኑ ዓይነት መሪ በ1951 ኢምፔሪያል በተባለው መኪናው ላይ ገጥሞ ለገበያ አቀረበ፤ ከዚያም ወዲህ ነገሩ እየተስፋፋ ሄዶ፣ ዛሬ ፓወር ስቲሪንግ የሌለው አዲስ መኪና ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ሆኗል። እንግዲህ አንድ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ይህን ምቾት በገዛ እጁ ነቅሎ ሲያወጣው ብናይ፣ አእምሮው ጤነኛ ነው ወይ ብለን መጠየቃችን አይቀርም።

ሆኖም እንዲህ የሚያደርጉት ሰዎች እብዶች አይደሉም። በካሊፎርኒያ ላጉና ሴካ፣ በጀርመን አገር ደግሞ ኑርበርግሪንግ በሚባሉት የውድድር ሜዳዎች፣ የሜዳውን ዋጋ ከፍለው የገዛ መኪናቸውን በፍጥነት የሚነዱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ ለሜዳው ብለው ፓወር ስቲሪንጉን ያወጡታል። በዚህ ጉዳይ አዘውትሮ ስሟ የሚነሣው ማዝዳ በ1989 ያወጣት፣ ሚያታ የምትባለው ባለሁለት ወንበር ትንሽ መኪና ናት። የመጀመሪያዎቹ ሚያታዎች ክብደታቸው አንድ ሺህ ኪሎ አይሞላም፤ ስለዚህም መሪያቸውን ያለ እርዳታ ማዞር የሚሞከር ነገር ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚረዳው የአዲሶቹ መኪናዎች መሪ ሌላ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ እኛ የምንናገረው በዘይት ስለሚሠራው ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በቺንጋ አንድ ፖምፓ ያዞራል፤ ፖምፓው ዘይቱን በቱቦ ገፍቶ ወደ መሪው ሳጥን ይልካል። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር፣ ከመሪው ዘንግ በታች ያለች ቀጭን ብረት ጥቂት ትጠማዘዛለች፤ መጠማዘዟም ዘይቱ የሚያልፍበትን በር በቀኝ ወይም በግራ ይከፍታል፤ ዘይቱም ፒስቶኑን ገፍቶ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ጥርሳም ዘንግ ያንቀሳቅሳል። በከተማ መንገድ ይህ ሁሉ ያለ ችግር ይሠራል። በውድድር ሜዳ ግን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሳያቋርጥ ስለሚሽከረከር ፖምፓውም አብሮት ይሽከረከራል፤ ሰፊና መሬት አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ሲጨመርበት ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይሠራል፣ አንዳንድ ጊዜም ከማጠራቀሚያው ገንፍሎ ይወጣል። የፈሰሰው ዘይት በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ቢያርፍ እሳት ሊነሣ ይችላል፤ በሜዳው ላይ ቢፈስስም ከኋላ የሚመጣውን ሰው ያንሸራትታል። ፓወር ስቲሪንግን ለማውጣት ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ እኛ ከልብ የምንቀበለው ይህንን ነው። ዘይቱን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ራዲያተር መግጠምም እንደሚቻል ግን አይዘነጋ፤ አንዳንዶቹ ይህን መንገድ የሚንቁት ቀላል ስለ ሆነ ይመስለናል።

ሁለተኛው ምክንያታቸው መሪው በእጅ ላይ የሚሰጠው ስሜት ነው። የፊት ጎማ መሬት ይዞ በሚታጠፍበት ጊዜ ራሱን ወደ ቀጥታው ለመመለስ መሪውን ይጎትታል፤ ጎማው የመያዝ ኃይሉን ሊጨርስ ሲቃረብ ግን ይህ መጎተት ይቀንሳል፣ መሪውም በእጅ ላይ ይቀላል። ይህች መቅለል ለነጂው ማስጠንቀቂያ ናት፤ ከዚህ በላይ ብትፈጥን መኪናው አይታጠፍልህም ማለቷ ነው። የዘይቱ እርዳታ ይህን ወሬ ፈጽሞ ባይሰውረውም ያደበዝዘዋል፤ እርዳታው ሲወገድ ግን ወሬው ከጎማው ተነሥቶ ያለ አስተርጓሚ ወደ መዳፍ ይደርሳል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ክብደትና ስሜት አንድ አይደሉም። መሪው ስለ ከበደ ብቻ የበለጠ ይናገራል ብሎ ማሰብ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሁሉ ቁም ነገር ይናገራል እንደ ማለት ነው። የዛለ ክንድ ደግሞ ያችን ስውር መቅለል ለይቶ አያውቃትም።

ከሁሉ ይልቅ ወጣቶች አንባቢያን እንዲመረምሩልን የምንሻው የሚከተለውን ነው። ማዝዳ ራሱ ሚያታን ያለ ፓወር ስቲሪንግም ይሸጥ ነበር። «ፋብሪካው ያለ እርሱ ከሸጣት፣ እኛ ብናወጣው ምን ክፋት አለው?» የሚለው ክርክር የሚመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ሁለቱ መሪዎች በጥርሳቸው ይለያያሉ። የመጀመሪያይቱ ሚያታ ፓወር የሌለው መሪ ከዳር እስከ ዳር ለመዞር 3.3 ዙር ያህል ሲፈልግ፣ ፓወር ያለው ግን 2.8 ዙር ያህል ይበቃዋል። ፋብሪካው የዘይቱን እርዳታ በነሣው ነጂ ላይ የእጁን መንገድ አርዝሞ፣ ሸክሙን አቅልሎለታል ማለት ነው። ፖምፓውን ነቅሎ የቀድሞውን ሳጥን የሚተው ሰው ይህን ካሣ አያገኝም፤ ፋብሪካው ከማንም ደንበኛው ያልጠየቀውን ጉልበት ከራሱ ክንድ ይጠይቃል። ይህን ዐውቆ የሚያደርግ አለ፤ የመኪናው ኋላ በተንሸራተተ ጊዜ በትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ለመመለስ ይጠቅመዋልና። ሳያውቅ ያደረገው ግን መኪናውን ለማቆም በጠባብ ቦታ ሲታገል ያውቀዋል።

አጥብቀን የምንቃወመው ግን ግማሽ ሥራን ነው። ቺንጋውን ቆርጦ፣ ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ፣ «ጨረስኩ» የሚል ሰው ብዙ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ፒስቶን ግን የቀረውን ዘይት ወዲያና ወዲህ መግፋቱን አይተውም፤ ያች ቀጭን ብረትም ትጠማዘዛለች፤ እርዳታው ስለማይመጣላት መሪው በመካከሉ ልል ይሆናል። ስሜት ፍለጋ የሄደው ሰው በመጨረሻ ከባድም ልልም የሆነ መሪ ይዞ ይመለሳል። ሙያውን የሚያውቁት ሳጥኑን ፈትተው የፒስቶኑን ማተሚያ ቀለበት ያወጣሉ፣ የምትጠማዘዘውን ብረት እንዳትጠማዘዝ በብየዳ ያያይዟታል፣ ዘይት ያለሰልሰው የነበረውንም ክፍል ግሪስ ቀብተው መልሰው ይገጥማሉ። የመሪ ብየዳ ደግሞ ለተገኘው በያጅ ሁሉ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ከዚህ በኋላም ለጌጥ ሲሉ ከፋብሪካው ያነሰ የመሪ ክብ የሚገጥሙ አሉ፤ ክቡ ባነሰ ቁጥር ክንድ የሚያወጣው ጉልበት እንደሚበዛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል።

የታላላቅ ውድድሮችን ምሳሌ የሚጠቅሱም አሉ። እውነት ነው፣ በአሜሪካ የኢንዲካር መኪናዎች ፓወር ስቲሪንግ የላቸውም፤ ነጂዎቻቸው ግን ለዚሁ ብለው ክንዳቸውን የሚያሠለጥኑ የሙያ ሰዎች ናቸው። የፎርሙላ አንድ መኪናዎች ደግሞ በዘይት የሚረዳ መሪ አላቸው፤ እነዚያን ነጂዎች የጎማቸውን ወሬ አይሰሙም ብሎ የሚያማቸው የለም።

እንግዲህ መኪናው በተጎታች ተጭኖ ወደ ሜዳ የሚሄድ፣ በተጎታችም የሚመለስ ከሆነ፣ ባለቤቱም ሥራውን እስከ መጨረሻው የሚያሠራው ከሆነ፣ ፓወር ስቲሪንጉን ቢያወጣው አንቃወምም። ሰኞ ጧት በዚያው መኪና ወደ ቢሮ የሚሄድ፣ ወይም አንድ ቀን ቁልፉን ለባለቤቱ ወይም ለእናቱ የሚሰጥ ሰው ግን ይተወው፤ ሕፃን ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ መሪውን የምትጠመዝዘው እርሷ ናት እንጂ እርሱ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው ዘይቱን በየጊዜው መለወጥና ማቀዝቀዣ መግጠም ይበቃዋል። እንቢ ብሎ ለሚነቅለውም አንድ ነገር እንንገረው፦ ፖምፓውንና ቱቦዎቹን በሣጥን አድርጎ ያስቀምጣቸው፤ መኪናውን የሚገዛው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው እነርሱን ነው።