የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልና የአስመጪው ኃላፊነት

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ላይ የተጨማሪ እሴት፣ የኤክሳይዝና የሱር ታክስን አንሥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ዓባይን ገድቦ ኃይል የሚያመነጭ አገር ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ እየገዛ ማቃጠሉ እንደማያዋጣው ስለምናምን፣ በሐሳቡ ላይ ክርክር የለንም።

ብዙ ሰው የሚፈራው የመብራት መጥፋትንና የመንገድ ርዝመትን ነው። እኛን ያስቸገረን ግን ሌላ ነው። በጸሐፊነት የማገለግልበት ንግድ ቤት አንዲት የኤሌክትሪክ ዕቃ ማመላለሻ ገዝቶ ነበር። ሌሊት ባትሪዋን እየሞላች ቀን በከተማው ዕቃ ታደርሳለች፤ አዳማ ደርሳ ስትመለስም አላሳፈረችንም። ይሁን እንጂ የባትሪ መሙያዋ አንድ ክፍል በተበላሸ ጊዜ ሻጩ «መለዋወጫ የለንም» በማለቱ፣ ዕቃው ከውጭ አገር እስኪመጣ 5 ሳምንት ቆመች። በዚያ ጊዜ ለኪራይ መኪና የከፈልነው ገንዘብ ከነዳጅ ያተረፍነውን ሁሉ ጨረሰው።

እንግዲህ የአስመጪው ሥራ መኪናው ጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ የሚያልቅ አይደለም። ከመኪናው ጋር መለዋወጫውን ማስመጣት፣ መካኒክ ማሠልጠንና የባትሪውን ዋስትና በጽሑፍ መስጠት ይገባዋል። ገዢውም ከዋጋው አስቀድሞ ዋስትናውን ይጠይቅ። ምክር ቤታችን ደግሞ አንድ ወጥ የዋስትና ውል አዘጋጅቶ ለአባሎቹ ቢያድል መልካም ነው። አለዚያ በቆመች መኪና ምክንያት የሚጠፋው የአንድ ሻጭ ስም ብቻ አይሆንም፤ የነጋዴው ሁሉ መታመን ነው።