አይጥ በበላ ዳዋ ይመታ?

ሌባ ይያዝ ሲባል «አይያዝ» ያልንበት ቀን የለም። ዘፋኙ ዓመት ሙሉ የለፋበት አልበም በወጣ በሳምንቱ በየፍላሹ ሲገለበጥ፣ የደራሲው መጽሐፍ በፒዲኤፍ ሲዞር እኛንም ያንገበግበናል። ነገ ከብዕራችን እንጀራ እንበላለን ብለን ተስፋ የምናደርግ ልጆች ነንና! ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሌባውን ለመያዝ ተብሎ የሰፈሩ መንገድ ሁሉ ይዘጋ ወይ?

አሜሪካኖች ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ መልሰውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 «ሶፓ» እና «ፒፓ» የሚባሉ ሁለት ረቂቅ ሕጎች ለኮንግረሱ ቀረቡ። የተሰረቀ ፊልምና ሙዚቃ ያቀርባሉ የተባሉ የውጭ ድረ ገጾች ከፍለጋ ውጤት እንዲወጡ፣ የክፍያና የማስታወቂያ ገንዘብም እንዲቋረጥባቸው የሚያደርጉ ነበሩ። ጃንዋሪ 18 ቀን 2012 እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለ24 ሰዓት ጨለመ፣ ጉግልም አርማውን በጥቁር ሸፈነ። በሁለተኛው ቀን ሁለቱም ረቂቆች ወደ መሳቢያ ተመለሱ።

የሚገርመው ጃንዋሪ 19 የሆነው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሜጋአፕሎድ የተባለውን ግዙፍ የፋይል ማከማቻ በነባሩ ሕግ ዘጋው። ታዲያ «ያለው ሕግ ጥርስ የለውም» ሲሉን የነበሩት ምን ይሉ ይሆን?

ነባሩ ሕግ ራሱ ስንቱን በስህተት ነክሷል! ዳጃዝ ዋን የተባለው የሂፕ ሆፕ ጦማር በኖቬምበር 2010 አድራሻው ተወረሰ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ክስ እንኳ ሳይመሠረትበት፣ «እንካ» ተብሎ ተመለሰለት። ለአንድ ጦማር አንድ ዓመት መጥፋት ማለት ሞት ነው።

ጣሊያን ደግሞ የእግር ኳስ ስርጭት ሌቦችን ልይዝ ብላ በ2024 አዲስ የማገጃ ሥርዓት ዘረጋች። ጥቆማ ከገባ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይታገዳል። በ30 ደቂቃ ማን ምኑን ያጣራል? በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጉግል ድራይቭ በስህተት ታገደ። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያወርድ ቢል የኳስ ሌባ ሆኖ አረፈው!

ይህ ሁሉ ታይቶም በጃንዋሪ 2025 የውጭ ድረ ገጾችን የማገድ ሐሳብ እንደገና ለኮንግረሱ ቀረበ። ያቀረቡት ደግሞ ያኔ ሶፓን አጥብቀው የተቃወሙት ዞዊ ሎፍግረን ናቸው። «ይኸኛው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው» ይሉናል። ከቀድሞው መሻሉን አንክድም። ነገር ግን ባሕር ማዶ ያለ ተከሳሽ ጠበቃ ቀጥሮ ካልቀረበ ዳኛው የሚሰማው የአንዱን ወገን ብቻ ነው።

«አሜሪካ ምን አገባችሁ?» የምትሉን አትጠፉም። እኛ እገዳን በወሬ አናውቀውም። በ2006 የኢትዮጵያ ጦማሮች ሲታገዱ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከከለከለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በጁን 2018 መንግሥት ከ250 በላይ ድረ ገጾችን ከፈትኩ ብሎ ነገረን። ምክንያቱ የቅጂ መብት አልነበረም። ቁልፉ ግን ያው ነው። ለፊልም ሌባ የተሠራ ቁልፍ ጸሐፊ ላይ አልቆለፍም አይልም። ዋሽንግተን ስትቆልፍ ደግሞ ሌላው መንግሥት ሁሉ «እነሱም ያደርጉታል» የሚል ምላስ ያገኛል።

የቅጂ መብት ይከበር። ከስርቆት የሚያተርፈው ሰው ይከሰስ፣ ገንዘቡ ይያዝ። ድረ ገጽ ከመዘጋቱ በፊት ባለቤቱ ይሰማ። በሐሰት የጠቆመ ይጠየቅ፣ በስህተት የተዘጋበት ይካስ። እነዚህ የሌሉበትን ሕግ ጥበቃ ብለን አንጠራውም።

አይጧ ትያዝ። ዳዋውን ግን ለቀቅ አድርጉት!