ኮምፒውተር ማሰቡን መቼ ያቁም?

ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ ለመዝናኛ ያህል አንድ የቼዝ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። የጊዜ አደላደሉ ቀላል ነበር፤ ለ40 እርምጃ 2 ሰዓት ከተሰጠው ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ይመድባል። በመሆኑም አንድ ሕጋዊ እርምጃ ብቻ በቀረው ጊዜ እንኳ 3 ደቂቃ ሙሉ ያሰላ ነበር፤ ጨዋታው ሲወሳሰብም በዚያችው 3 ደቂቃ ወስኖ ይሸነፋል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የኮምፒውተሩ አልነበረም።

እኩል ማካፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ በእኔ አስተያየት ግን ብክነት ነው። ምክንያቱን እንመልከት። አንድ ተጫዋች በየተራው በአማካይ 35 ያህል አማራጮች አሉት እንበል። አልፋ-ቤታ የተባለው ስልት የማይረቡ ቅርንጫፎችን እየቆረጠ፣ አማራጮቹ በመልካም ቅደም ተከተል ከተመረመሩ፣ የአንድ ተጨማሪ ደረጃ ዋጋ ወደ 35 ዳግም ዘር፣ ማለትም ወደ 6 እጥፍ ይወርዳል። የዛሬ ፕሮግራሞች ከዚህም አብልጠው ያጣራሉ። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ደረጃ ከቀደመው ይበልጥ ውድ ነው። ስለዚህ መልሱ ግልጽ በሆነበት ቦታ የሚጨመር ደቂቃ የሚያስገኘው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው።

መልሱ ግልጽ መሆኑስ በምን ይታወቃል? ፕሮግራሙ በመጀመሪያ 1 ደረጃ፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያም 3 እያለ ጥልቀቱን ይጨምራል። በየደረጃው ያው እርምጃ ከተመረጠ ማቆም ይገባል፤ ምርጫው ከተለዋወጠ ወይም ግምቱ በድንገት ካሽቆለቆለ ግን ማሰቡን መቀጠል አለበት። የቀረው ጊዜ ቀጣዩን ደረጃ ለመጨረስ እንደማይበቃ ከታወቀም አለመጀመሩ ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በ1997 በኒውዮርክ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ያሸነፈው ዲፕ ብሉ በሴኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን አቀማመጦችን ይመረምር ነበር። ሆኖም በፍጥነቱ ብቻ አልተማመነም። ሁለት የጊዜ ገደቦች ነበሩት፤ አንደኛው ለመደበኛ እርምጃ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለአስጊ ሁኔታ የተያዘና የቀረውን ጊዜ ሲሶ ያህል የሚደርስ ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ሰዓቱ አያልቅም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቀረውን ሲሶ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የወሰደ ፕሮግራም የሚቀረው 8/27፣ ማለትም ከሲሶ ያነሰ ነው። ይህ እንደ ራዲዮአክቲቭ ቁስ መመናመን ነው፤ ፈጽሞ ዜሮ ባይሆንም በፍጥነት ይሟጠጣል። ስለዚህ በአስጊ ሰዓት ለጋስ ለመሆን በቀላሉ ሰዓት ቆጣቢ መሆን ግድ ይላል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የቼዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፈጣን ኮምፒውተር መግዛት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጊዜን ማስተዋል በሚሻበት ቦታ ማዋል ግን በአሮጌ ኮምፒውተርም ይቻላል። ቃሌን ብቻ አትመኑ። አንድን ፕሮግራም በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ የጊዜ ሕጋቸው ብቻ ይለያይ። ከዚያም በእኩል ሰዓት ጥቂት መቶ ጨዋታዎችን አጋጥሟቸውና ውጤቱን ቁጠሩ። ዳኛው ሙከራው ይሁን።