«ኮሌጅ ገባ» ሲሉን ምን እንጠይቅ?

እህቶቼ፣ ከእኛ መሀል የታናሽ ወንድም ወይም የእህት ትምህርት የማትከፍል ብዙ የለችም። እኔም ለወንድሜ ሦስት ዓመት ላክሁ። ደሞዝ በዘገየ ወር ሳይቀር ተበድሬ ልኬያለሁ። ሊመረቅ ሲል ግን የተማረበት የትምህርት ክፍል እውቅና የለውም ተባለ። ኮሌጁ ፈቃድ ነበረው፤ የነበረው ግን ለሌላ ትምህርት ነው። ልጁ አልዋሸኝም፣ እሱም አላወቀም። እኔም «ኮሌጅ ገባ» ሲሉኝ ከደስታ በቀር አንድ ነገር አልጠየቅሁም።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው፦ የሚከፍል ሰው ይጠይቅ። መጠየቅ ንፍገት አይደለም።

ለመጠየቅ ደግሞ መለየት ያስፈልጋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው ተመድቦ የገባ ልጅ ወጪውን የሚጋራው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። የማታውና የቅዳሜና እሁዱ ግን በክፍያ ነው። መግቢያው ጠባብ ነው፤ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ገደማ ነበሩ። ያላለፈው ሁሉ ታዲያ ወደ እኛ ስልክ ይደውላል።

የግሉ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወይም ኮሌጅ ይባላል። በትልቅ ስሙ አትታለሉ። እውቅና የሚሰጠው ለስሙ ሳይሆን ለየትምህርት ክፍሉ፣ ለየካምፓሱ ነው፤ የርቀት ትምህርትም የራሱን ይፈልጋል። ይህን የሚያውቀው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመንግሥትም የግልም ተማሪ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ክፍያ ስለጨረሳችሁ ብቻ ዲግሪ አይመጣም ማለት ነው።

ሦስተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። በደረጃ ይማራሉ፣ በሲኦሲ ይመዘናሉ። «ቴክኒክ ገባ» ሲባል ብዙዎቻችን ፊታችን ይጠቁራል። ለምን? በእጃችን ሠርተን ቤት ያቆምን እኛ፣ የእጅ ሙያን ከናቅን ማን ያክብረው? ብየዳ የሚችል፣ መብራት የሚዘረጋ ልጅ ዲግሪ ይዞ ቤት ከተቀመጠው አያንስም።

«ልጁ ዲግሪ ካልያዘ ሰው ምን ይለኛል» የምትል እናት አለች፤ እውነቷን ነው፣ ሰው ያወራል። ግን ሰው ክፍያውን አይከፍልልንም።

ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ የትኛው የትምህርት ክፍል? የትኛው ካምፓስ? በመደበኛ ነው ወይስ በርቀት? የእውቅናውን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ከዚያ አንድ ዘመድ ባለሥልጣኑ ዘንድ ያጣራ። ኮሌጁ ደብዳቤውን ማሳየት ካልወደደ ብሩ እናንተው ጋ ይቆይ።

ወንድሜ አሁን ቴክኒክ ገብቷል። ሲደውል ስለ ብር ብቻ አናወራም፤ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ፣ ምዘናው መቼ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ አሁን ለምዶታል።