ማኅተሙን የተቀበለውን ሕፃን ማን ያስተምረው?

ታቦታቱ ባደሩበት ባሕረ ጥምቀት ዳር ጠበሉን ለመረጨት የማይሽቀዳደም ምእመን የለም። ይህ መረጨት የጌታችንን በዮርዳኖስ መጠመቅ የምናስብበት በረከት እንጂ ዳግመኛ ጥምቀት እንዳልሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ዘወትር ታስተምራለች። ጥምቀታችን አንዲት ናት፤ ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ የተቀበልናት። ዛሬ ልናነሣው የወደድነውም በዚያች ቀን ስለ እኛ ማን ምን ብሎ ቃል እንደገባ፣ ቃሉስ የት እንደደረሰ ነው።

ሥርዓቱን ያላየ ቤተሰብ የለም። ሕፃኑን የታቀፈው የክርስትና አባት ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልሶ በሥላሴ ማመኑን ይመሰክራል፤ ጸሎተ ሃይማኖትንም ይደግማል። ሴት ከሆነች የክርስትና እናቷ ይህንኑ ትፈጽማለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕፃኑ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ያለቅሳል። ከውኃው ሲወጣ በቅዱስ ሜሮን ይታተማል፤ በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። ማኅተሙ ሙሉ ነው፤ የሚጨመርበት የለም። ሕፃኑ ግን የተመሰከረለትን እምነት ገና አያውቅም።

የሌላውን ወገን ልማድ መመልከት ነገሩን ያጎላዋል። በእንግሊዝ አንግሊካን፣ በአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ተብላ የምትጠራው፣ በአገራችንም በአዲስ አበባ ቅዱስ ማቴዎስና በጋምቤላ ምእመናን ያሏት ቤተ ክርስቲያን እንደ እኛው ሕፃናትን ታጠምቃለች። ማጽናት የሚባለውን ሥርዓት ግን ልጁ አድጎ ስለ ራሱ መመለስ እስኪችል ታቆየዋለች። እ.ኤ.አ. በ1549 የወጣው የእንግሊዝኛ የጸሎት መጽሐፋቸው ልጁ ጸሎተ ሃይማኖትን፣ አቡነ ዘበሰማያትንና አሠርቱ ትእዛዛትን በገዛ ቋንቋው ሳይችል፣ ለአጭሩ የጥያቄና መልስ ትምህርትም መልስ ሳይሰጥ፣ ለዚህ ሥርዓት እንዳይበቃ ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአሜሪካው መጽሐፍ ደግሞ በጥምቀት ሰው ሙሉ አባል መሆኑን አጽንቶ፣ ማጽናትን አእምሮው የበሰለ ሰው እምነቱን በአደባባይ የሚያረጋግጥበት፣ ኤጲስ ቆጶሱም እጁን የሚጭንበት አድርጎታል። ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣ እንግዳም ኤጲስ ቆጶሱ ዘንድ ቀርቦ ይቀበሉታል። ወጣቱም እንግዳውም ከዚያች ቀን በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተቀምጠው ይማራሉ።

የሁለቱም ሥርዓት ምንጭ አንድ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ የነበረው ፊልጶስ በሰማርያ ያጠመቃቸውን ሰዎች ጴጥሮስና ዮሐንስ ከኢየሩሳሌም መጥተው እጃቸውን ጫኑባቸው። ምዕራባውያኑ ይህን ይዘው ማጽናቱን ለኤጲስ ቆጶስ አቆዩት፤ ኤጲስ ቆጶሱም በየአጥቢያው በቶሎ ስለማይደርስ ሥርዓቱ ከጥምቀቱ በዓመታት ራቀ። በምሥራቅ ግን አበው የባረኩትን ሜሮን ቄሱ ይቀባል። ይህ አገራችንን ምን ያህል እንደጠቀመ እናስተውል። ለብዙ ዘመናት በአብዛኛው ከእስክንድርያ የሚላክ አንድ ጳጳስ ብቻ በነበረባት በዚህች ሰፊ ምድር ሁሉም የጳጳሱን እጅ ይጠብቅ ቢባል ኖሮ ስንቱ ሕፃን ሳይታተም በሞተ ነበር!

በዚያው ምዕራፍ ውስጥ የእኛም ሰው አለ። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ፣ ያነበበውን ያስተውል እንደሆነ ፊልጶስ ቢጠይቀው መሪ እንደሌለው ተናገረ፤ ወጥቶም አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስም ከዚያው ከተነበበው ጀምሮ አስተማረው፤ ከዚያም አጠመቀው። የጃንደረባው ትምህርት ከጥምቀት በፊት ነበር፤ የሕፃናቶቻችን ከጥምቀት በኋላ ነው። በፊት የተባለውን ሳይፈጽሙ ወደሚቀጥለው አይታለፍም፤ በኋላ የተባለው ግን ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲባል ይቀራል። ችግራችን ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት አንገቱ ላይ ስላለው ማዕተብ ሲጠየቅ «እናቴ ያሰረችልኝ ነው» ከማለት ሌላ መልስ ቢያጣ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በአሜሪካ የሚያድግ ልጅም የክፍል ጓደኛው ለማጽናት ሲዘጋጅ አይቶ «የእኔስ መቼ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። «አንተ በአርባ ቀንህ ታትመሃል» የሚለው የወላጅ መልስ እውነት ነው፤ እዚያ ላይ ካበቃ ግን የልጁን አፍ ከመዝጋት አያልፍም።

ለመሆኑ የክርስትና አባት ዛሬ በምን ይመረጣል? አንዱ ወዳጅነት ለማጥበቅ፣ ሌላው አለቃውን ለማክበር፣ ሦስተኛው ደህና ስጦታ ይመጣል ብሎ ይመርጣል። ክርስትናው ከተበላ በኋላ ዘመድነቱ በአበ ልጆቹ መካከል ይቀራል፤ ልጁ በየበዓሉ ልብስ ቢገዛለት ነው። ልብሱን አንነቅፍም። ነገር ግን ያ ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ የመሰከረው ስለ ልብስ አልነበረም። «ሰንበት ትምህርት ቤት አለ አይደለም ወይ?» የሚሉን አሉ። አለ፤ ብዙዎችንም ጠብቋል። የመጣውን ያስተምራል፤ ያልመጣውን ከየቤቱ የማምጣት ዕዳ ግን የዋሱ ነው።

ከሌላ እምነት የሚመጡትም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። በግእዙ ሲኖዶስ የተጻፈው ሥርዓት ንዑሰ ክርስቲያን 3 ዓመት እንዲማሩ ያዝዛል፤ ትጉህ ከሆነ ግን በዘመኑ ሳይሆን በጠባዩ እንዲመዘን ይፈቅዳል። ሊጠመቁ ሲቀርቡም መበለቶችን አክብረው፣ ድውያንን ጠይቀው እንደሆነ ያመጧቸው ሰዎች ይመሰክሩላቸው ነበር። ዛሬስ? የተክሊሉ ቀን ተቆርጦ፣ አዳራሽ ተይዞ፣ የጥሪ ወረቀት ታድሎ ካበቃ በኋላ «ቶሎ አጥምቁልን» የሚሉ ቤተሰቦች ያጋጥሙናል። እኛ ዲያቆናት ንዑሰ ክርስቲያን እንዲወጡ በቅዳሴ ላይ ዛሬም እናውጃለን፤ የሚወጣ ግን አናይም። ለሙሽራዋ ልብስ ወራት የሚታገሥ ቤተሰብ ለትምህርቱ ያን ያህል ቢጠየቅ ለምን ይከብደዋል?

ሁለተኛ ማኅተም ይሠራ አንልም፤ አይገባምም። ነገር ግን ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው የክርስትና አባቱ ወደ ንስሐ አባት ወይም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ይዞት ቢሄድ ማን ይከለክለዋል? አባቶቻችን ምስጢረ ሥላሴ፣ ምስጢረ ሥጋዌ፣ ምስጢረ ጥምቀት፣ ምስጢረ ቁርባን፣ ምስጢረ ትንሣኤ ሙታን ብለው የከፈሏቸው አምስቱ አዕማደ ምስጢር ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። ከኅዳር 1 እስከ ጥር 11 ልክ 10 ሳምንት ነው፤ ለእያንዳንዱ ዐምድ ሁለት ሁለት ሳምንት ይደርሰዋል። በከተራው ዕለት ልጁ በአርባ ቀኑ ሌላ ሰው የመለሰለትን ጸሎተ ሃይማኖት በገዛ አንደበቱ ይበለው፤ ያ ሰውም አጠገቡ ቆሞ ይስማው። ርቆ የሚኖር በስልክ ይከታተል፤ የሞተ እንደሆነ ወላጆች ከዘመድ አንዱን ይወክሉ። ራሱ ያልተማረ የክርስትና አባት ቢኖርም አያፍር፤ ከልጁ ጋር አብሮ ይቀመጥ።