ለአንድ ቀን ወደ ስሜን ከልጆች ጋር

በጽሕፈት ቤት ሥራ የደከመ አእምሮና በቤት ተዘግቶ የሰነበተ ሕፃን የሚታደሱት በንጹሕ አየር እየተመላለሱ የእግዚአብሔርን ፍጥረት በመመልከት ነው። ባሕር ያላቸው ሕዝቦች ለዕረፍት ወደ ጠረፍ ይወርዳሉ፤ እኛ ግን ወደ ተራራ እንወጣለን።

ከአዲ አርቃይ ቆላ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ስሜን እንደ ታላቅ ቅጥር ቆሞ ይታያል። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ወዲያው ጋቢ ይፈልጋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በዚሁ ከተማ ስለሆነ፣ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ መንገድ መሪና ዘበኛ መያዝ፣ ስለ መንገዱም ጸጥታ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሁሉን በአንድ ቀን ማየት አይቻልም። በደባርቅ አድሮ፣ በማለዳ እስከ ቡይት ራስ በመኪና ሄዶ፣ ከዚያ በገደሉ አፋፍ ወደ ሳንቃበር በእግር መጓዝ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ስለሚበልጥ ትንፋሽ ያጥራል፤ ስለዚህ አካሄዱ በትንሹ ልጅ እርምጃ ይሁን። ራስ ምታት የጸናበት ቢኖር ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ መመለስ ነው። ባርኔጣ፣ ውሃና ቆሎም አይረሳ።

ጭላዳ ሌሊቱን በገደል አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል። ከዝንጀሮ ወገን ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ እርሱ ብቻ ሲሆን፣ አረም እንደሚነቅል ሰው ቁጭ ብሎ በጣቱ እየነጨ ሲበላ ማየት ልጆችን እጅግ ያስደንቃል። በዱር ከስሜን በቀር በዓለም የማይገኘውን ዋልያ ለማየት ግን ራቅ ወዳለው ወደ ጨነቅ መሄድ ስለሚያስፈልግ፣ ሌላ ቀን ይመደብለት።

ቀድሞ የመኳንንት ልጅ ክብር በአደን ይለካ ነበር፤ ዛሬ ግን በጠመንጃ ፈንታ አቅራቢ መነጽር ይያዝ። ዩኔስኮ ይህን ፓርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ1996 አደጋ ከሚያሰጋቸው ቅርሶች ጋር ቈጠረው፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ አወጣው። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል።

እነርሱ የአባቶቻቸውን ርስት ሲለቁ፣ ከእኛ የሚፈለገው ታናሽ ነገር ነው፤ ይኸውም እጃችንን መሰብሰብ ነው። ልጅ ለጭላዳ ዳቦ ሲወረውር ደግነት ይመስለዋል። ነገር ግን ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ሰውን መፍራት ይተዋል፤ እኛ ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ወደ ገበሬው የገብስ ማሳ ይገባል፤ ገበሬውም እህሉን ለማዳን ድንጋይ ያነሣል። እንዲህ ሆኖ የእኛ ቁራሽ ገበሬውንም እንስሳውንም ይጎዳል።

ስለዚህ ወላጆች ይህን ነገር በመንገድ ላይ ሳይሆን ከቤት ሳይወጡ ለልጆቻቸው ያስረዱ፤ ራሳቸውም አብነት ይሁኑ። ሳይነካና ሳይወስድ ማየትን የተማረ ልጅ፣ ነገ ሹመት ሲያገኝ የሕዝብን ሀብት መጠበቅ አይከብደውም።