«ልዩ ልዩ» የሚባለው የወጪ መስመር



ውድ የሁሩታና የአካባቢዋ ወጣቶች! ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ወረቀት ነው። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ተሰብስበው የሠርጉን ወጪ የሚጽፉበት ወረቀት። በሬ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ የድንኳንና የወንበር ኪራይ፣ ዲኮር፣ መኪና፣ ለስላሳ ይላል። ከታች አንድ መስመር ይቀራል፦ «ልዩ ልዩ»። ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ጮክ ብሎ የሚያነበው ግን የለም። ቢራው ያለው እዚያ ነው። ደህና ብር የያዘ ደግሞ ወይንም ይጨምርበታል።

ስሙን ለመጻፍ ካፈርን ገንዘብ ስንመድብለት እንዴት አላፈርንም?

አቋማችን ግልጽ ነው። ሙስሊም በሚያዘጋጀው ድግስ፣ ወሊማም ይሁን ምርቃት፣ የቢራና የወይን በጀት ሊኖር አይገባም። ለራስም ለእንግዳም፣ በግልጽም በስውርም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 90 ኸምርን ከቁማርና ከጣዖት ጋር አንድ ላይ ጠርቶ እንድንርቀው አዝዞናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኸምር ምክንያት አሥር ዓይነት ሰዎችን እንደረገሙ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። ጠጪው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው። ገዢው አለበት፣ የሚሸከመው አለበት፣ የሚቀዳው አለበት። ስለዚህ «እኔ አልቀመስኩም» የሚለው ሙሽራ ከጠጪነት አመለጠ እንጂ ከገዢነት አላመለጠም። ሳጥኑን በባጃጅ የሚያመጣው ሚዜ፣ በድንኳኑ ውስጥ እየዞረ የሚያድለው ታናሽ ወንድም፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ድርሻ ይይዛሉ።

አሁን ወደ ሹብሃዎቹ እንምጣ።

አንደኛ፦ «ክርስቲያን ጓደኞቻችን ሲያገቡ ለኛ የሙስሊም ማዕድ ለይተው ያዘጋጃሉ። እኛስ ቢራ ብንገዛላቸው ምን አለበት?»

ይህ ከሁሉም የሚያምረው ሹብሃ ነው፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። እውነት ነው፣ ክርስቲያን ጎረቤት ሲደግስ ሙስሊም አራጅ ይጠራል፣ ድስቱን ይለያል፣ ቦታ ይለይልናል። አላህ ይስጠው፣ ትልቅ ክብር ነው። ግን አስተውሉ፤ ይህን ሲያደርግ ከራሱ ሃይማኖት የጣሰው ነገር አለ? የለም። ያከበረን የራሱን ሳይነካ ነው። የዚህ አጸፋ ደግሞ አባቶቻችን ጥንትም ያደርጉት ነበር። በግ ወይም በሬ ለክርስቲያን ጎረቤት ይሰጡና በራሱ ሥርዓት አርዶ፣ በራሱ ድስት ሠርቶ እንግዶቹን ይጋብዛል። ጾም ከሆነ ሽሮውና ምስሩ፣ ጎመኑ ይሠራል። ብድሩ በዚህ ተመልሷል። ቢራ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ እኛ ነን ኋላ የጨመርነው። ለመሆኑ ሃይማኖትህን ጥሰህ ካልጋበዝከኝ የሚል ጓደኛ አለህ? ካለህ ክብሩ የቱ ላይ ነው?

ሁለተኛ፦ «ብሩ የኔ አይደለም፣ ሚዜዎቹ አዋጥተው ነው።»

ድንኳኑ የማን ነው? ጥሪው በማን ስም ወጣ? መዋጮው ውስጥ ያሉት ሙስሊም ሚዜዎችስ? ወጪውን ለአሥር መከፋፈል ወንጀሉን አያሳንሰውም፣ ተሳታፊውን ያበዛዋል እንጂ። ኸምር የሚዞርበት ማዕድ ላይ መቀመጥ እንኳ በሐዲስ ተከልክሏል። የማዕዱ ባለቤት መሆን ምን ሊባል ነው?

ሦስተኛ፦ «ቀብድ ተከፍሏል፣ ሳጥኑም ቤት ገብቷል።»

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የነገሩንን አስታውሱ። በአቡ ጠልሐ ቤት እንግዶች ተቀምጠው እሳቸው ከተምር የተሠራ መጠጥ ይቀዱ ነበር። ኸምር ሐራም መሆኑን የሚያውጅ ሰው ድምፅ ተሰማ። አቡ ጠልሐ አውጥተህ ድፋው አሏቸው። የመዲና መንገዶች ላይ ፈሰሰ። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዳ ተቀምጧል፣ መጠጡ ቤት ገብቷል፣ ጽዋው እጅ ላይ ነው። እንኳን ቀብድ፣ የተቀዳውም አልተጠጣም።

አራተኛ፦ «ሰው ምን ይላል? ድግሱ ይቀዘቅዛል።»

እስቲ የሰው አፍ ስንት እንደሚያስከፍል እናስላ። የሚጠጡ 60 እንግዶች አሉ እንበል፤ ለአንዱ ሦስት ጠርሙስ። 180 ጠርሙስ ሆነ። ሳጥኑ 24 ስለሚይዝ 8 ሳጥን ያስፈልጋል። ጠርሙሱን 80 ብር ብለን ብንይዝ 15,360 ብር ነው። ወይኑ፣ ማጓጓዣውና የሚሰበረው ጠርሙስ ገና አልገባም። በዚያው ሠርግ ላይ መህሩ በዱቤ ሲጻፍ ሰምተናል። የሚስቱን ሐቅ በዱቤ፣ ቢራውን በጥሬ ገንዘብ! ያ ጀመዓ፣ ይህ ድግስ ነው ወይስ ኪሳራ?

ደግሞ መንግሥት እንኳ በ2011 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ከቴሌቪዥን የወጣውን እኛ በድንኳናችን ውስጥ፣ ከቁርኣን ቤት በመጡ ሕፃናት ፊት እንደርድረው? ልጁ የሚማረው ከኡስታዙ ብቻ አይደለም፤ ከአጎቱ ሠርግም ይማራል።

የምንኖረው በአርሲ ነው። አላህ በገብስ የባረከው አገር ነው። ያው ገብስ አሰላ ብቅል ፋብሪካ ገብቶ ቢራ ይሆናል፤ በእናቶቻችን እጅ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ታሽቶ ጭኮ ይሆናል። ወይኑም ከሩቅ አይመጣም፤ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ባቱ ላይ የካስቴል እርሻ ያመርተዋል። ፍሬው ሐላል ነው፣ የምናደርገው ነገር ነው የሚለየው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶፊያን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ወሊማው ላይ ዳቦም ሥጋም አልነበረም። ተምር፣ የደረቀ እርጎና ቅቤ ቀረበ፣ ሰው በላ፣ ወሊማው ወሊማ ሆነ። ቅቤና ገብስ ያለው የአርሲ ሰው ታዲያ ቢራ ካልገዛሁ አፍራለሁ ይበል?

ስለዚህ የምታገባ ወንድማችን፣ የምታገቢ እህታችን፣ ሦስት ነገር አድርጉ።

1ኛ. የበጀት ወረቀቱን «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር ሳይኖረው ጻፉ። እያንዳንዱ ብር ስም ይኑረው። ስሙን ለአባትህ ፊት ለፊት ማንበብ ካልቻልክ ሰርዘው።

2ኛ. ክርስቲያን ጓደኞቻችሁን ስትጠሩ አስቀድማችሁ በመልካም ቃል ንገሯቸው። «ድግሳችን መጠጥ የለውም፣ ምግባችሁ ግን በሥርዓታችሁ ተዘጋጅቷል» በሉ። እውነተኛ ጓደኛ ይህን ሰምቶ አይቀርም።

3ኛ. ከቢራው የተረፈውን ብር እንግዳው ላይ አውሉት። ጥሩ ቡና፣ የቅመም ሻይ፣ ወተት፣ ሳይብላላ የሚቀርብ የማር ብርዝ። እንግዳ ሲከበር ያውቃል።

ትዳር በረካ የሚለመንበት በር ነው። በረካን እየለመንን በሩ ላይ አላህ የከለከለውን ሳጥን አንደርድር።

አላህ ትዳራችሁን ያሳምርላችሁ፣ ሪዝቃችሁን ሐላል ያድርግላችሁ፣ ከጎረቤቶቻችንም ጋር በሰላም ያኑረን። ኣሚን። ለሚያገባ ወንድማችሁ አድርሱለት። ወላሁ አዕለም።